የጧት ፀሐይ አታታልለን



እኛ የአቃቂ ልጆች ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነገር አለ። በክረምት በላያችን ፀሐይ እያበራች ወንዛችን ድንገት ደፍርሶ ይሞላል። ዝናቡ የዘነበው እዚህ ሳይሆን ወደ እንጦጦ በኩል ነውና። ይህን እያወቅን በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ግን ዘነጋነው።

ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ሰባት ሆነን የጎንደርን አድባራት ተሳልመን፣ በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። ጨነቅ ከተባለው ማረፊያ አድረን በማግስቱ ወደ ቧሂት ተራራ ስንነሣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አብረውን የሚሄዱት የፓርኩ ጠባቂ፣ «ልጆቼ፣ ጋቢያችሁን ያዙ፤ ከቀትር በፊትም እንመለሳለን» አሉን። እኛ ግን ይከብደናል ብለን ጋቢውን ተውን። የመመለሻው ሰዓት ሲደርስም «ትንሽ ብቻ» እያልን ለመንናቸው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ሸፈነን። ወዲያው በረዶ ወረደ። ታናሿ እኅታችን መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎ እግሯ ተሳሰረ፤ ንግግሯም ተኮላተፈ። ጠባቂው ከድንጋይ ከለላ አስጠግተው፣ እኅቶቿ እርጥብ ልብሷን ለውጠው በእርሳቸው ደረቅ ጋቢ እንዲጠቀልሏት አደረጉ። እርሷ ዳነች። እርሳቸው ግን ያለ ጋቢ በበረዶው ውስጥ መንገዱን ሁሉ እየተንቀጠቀጡ ወረዱ። እኛም አንገታችንን ደፍተን ተከተልናቸው።

ነገሩ እንዴት ነው? በክረምት ከደቡብ ምዕራብ እርጥብ ነፋስ ወደ አገራችን ይነፍሳል። ጧት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው እርጥቡ አየር በተራራው ተዳፋት ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል። ስለሆነም ብዙ ጊዜ ጧቱ ብሩህ፣ ከሰዓት በኋላው ነጎድጓድ ነው። ደግሞም 100 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አቃቂ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን የቧሂት ጫፍ ከ4,400 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ወደ 14 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው። የረጠበ ልብስና ነፋስ ሲጨመሩበት ብርዱ ይብሳል።

ከዚህ የምንማረው፦

1ኛ. በክረምት ተራራ የምንወጣ ከሆነ በማለዳ ተነሥተን ከቀትር በፊት እንመለስ። ደረቅ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለን እንያዝ።

2ኛ. ነጎድጓድ ሲሰማ ከተራራ ጫፍና ለብቻው ከቆመ ዛፍ እንራቅ።

3ኛ. የሞላ ወንዝ እስኪጎድል እንጠብቅ እንጂ አንድፈር።

4ኛ. ብርድ የመታው ሰው ንግግሩ ከተኮላተፈ ነገሩ ከባድ ነው። ከነፋስ ከልለን፣ በደረቅ ልብስ ሸፍነን፣ መዋጥ ከቻለ ትኩስ ሻይ በስኳር እንስጠው፤ ወደ ሕክምናም እናድርሰው። አረቄ ግን አይሰጥም፤ ለጊዜው ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል።

ከሁሉ በላይ ግን አገሩን የሚያውቅ ሰው «እንመለስ» ሲል መመለስ ፍርሃት አይደለም። የእኛ «ትንሽ ብቻ» ዋጋዋን ያስከፈለችው እኛን ሳይሆን ታናሿን እኅታችንንና እኒያን አባት ነበር። በሚመጣው ክረምት ለጉዞ የምንነሣ ሁሉ ይህን እናስብ።