የኮምፒዩተር ፍጥነትና ጥበቃው

ያረጀ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ ሁሉ «የፕሮሴሰሩን ጥበቃ ብታጠፋው ይፈጥንልሃል» የሚል ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ምክሩ ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ፍጥነቱ በምን ዋጋ እንደሚገዛ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

ፕሮሴሰር ከሜሞሪ የሚመጣለትን ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀጥሎ የሚታዘዘውን ገምቶ ሥራውን ይጀምራል፤ ግምቱ ከሳተም የሠራውን ይጥላል። ይህን በመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንመስለው። ባለጉዳይ የተከለከለ መዝገብ ሲጠይቅ፥ ሠራተኛው የአለቃውን ፈቃድ ሳይጠብቅ መዝገቡን ይገልጣል፤ በውስጡ ያገኘው ቁጥር የሚያመለክተውንም ሌላ መዝገብ ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ፈቃድ ሲከለከል ለባለጉዳዩ ምንም አይሰጠውም፤ ዳሩ ግን የወረደው መዝገብ እዚያው ይቀራል። ባለጉዳዩም ሌሎቹን መዝገቦች አንድ በአንድ ጠይቆ፥ ቶሎ የመጣለት የቱ እንደሆነ በማየት ምሥጢሩን ቁጥር ያውቃል። በታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ለዓለም የተገለጡት ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት ጉድለቶች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ለሜልትዳውን የተገኘው መድኃኒት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሜሞሪ ከፕሮግራሞቹ ሜሞሪ መለየት ነው። ስለዚህ ፋይል በተከፈተ፥ መልእክትም በኔትወርክ በተላከ ቁጥር ድንበር መሻገር ግድ ሆነ። ሒሳብ ብቻ የሚያሰላ ፕሮግራም እምብዛም አይጎዳም፤ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን የሚያነብና የሚጽፍ ግን ይዘገያል። ማይክሮሶፍት በዚያው ሰሞን፥ ሀስዌል የተባለው ወይም ከእርሱ የቀደመ የኢንቴል ፕሮሴሰር ያላቸው ኮምፒዩተሮች ከአዲሶቹ ይበልጥ እንደሚዘገዩ አስታውቆ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሊኑክስ 5.2 እነዚህን ጥበቃዎች በአንድ ትእዛዝ ማጥፋት እንዲቻል አድርጓል። እንግዲህ ጥያቄው «ይቻላልን?» ሳይሆን «ይገባልን?» ነው።

መለኪያው በኮምፒዩተሩ ላይ የማን ፕሮግራም ይሠራል የሚለው ነው። ከኢንተርኔት ተለይቶ የባለቤቱን ስሌት ብቻ የሚያሰላ ከሆነ፥ ጥበቃውን ቢያጠፋ አደጋው ጥቂት ነው። በብራውዘር ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው ግን፥ ገጹ ይዞት የሚመጣውን ጃቫስክሪፕት፥ ማለት የማያውቀውን ሰው ፕሮግራም፥ በቤቱ ያሠራል፤ የይለፍ ቃሉም በዚያው ሜሞሪ ውስጥ ነው። ብዙ ተማሪዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ኮምፒዩተር ላይማ፥ አንድ ሰው ለራሱ ፍጥነት ሲል የጓደኞቹን ምሥጢር የመሸጥ መብት የለውም።

ከሁሉ በፊት የመዘግየቱን ምክንያት መመርመር ይበጃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሜሞሪ ማነስ ወይም የአሮጌው ሀርድ ዲስክ ነው፤ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ፥ ጥበቃውን ከማጥፋት ይልቅ ይጠቅማል፤ በሩንም ክፍት አያስቀርም።