ውጭ አገር እንግሊዝኛ ለማስተማር የትኛውን ሰርተፊኬት እንምረጥ?

ውጭ አገር ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋውን ከኮርስ ዋጋ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከፓስፖርቱ ነው። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ መምህራን የምትሰጠውን ኢ-2 ቪዛ በዋናነት የምትፈቅደው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ እነሱም አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ትጠይቃለች። በቻይናም ደንቡ የውጭ አገር የቋንቋ መምህር የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲያስተምር ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተምሮ የተመረቀ ወጣትና አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የአክስቱ ልጅ አንድ ዓይነት ሰርተፊኬት ቢይዙም የሚከፈትላቸው በር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ሁለት ወይም ሦስት አገር መርጦ የእያንዳንዱን የሥራ ቪዛ ደንብ ከኤምባሲው ወይም ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ማንበብ ነው። ኮርስ ሻጭ ስለ ቪዛ የሚነግራችሁን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

ቀጥሎ የሰርተፊኬቶቹን ስሞች መለየት ነው። ቴፍል የአንድ ተቋም ሰርተፊኬት አይደለም፤ የሙያው ዘርፍ መጠሪያ ስለሆነ ማንም ድርጅት ባዘጋጀው ኮርስ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ሴልታ ግን የካምብሪጅ ነው፤ ሰርት ቴሶል ደግሞ የለንደኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ። ሁለቱም በእንግሊዝ የብቃት ማዕቀፍ ደረጃ 5 ላይ ይገኛሉ። ቀጣሪዎች በማስታወቂያቸው «120 ሰዓት» ስለሚሉ በርካሽ የሚሸጡ የኢንተርኔት ኮርሶችም ይህንኑ ቁጥር ይዘው ይወጣሉ። የሴልታም ዝቅተኛው የሥልጠና ጊዜ 120 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ቢመሳሰልም ውስጡ ይለያያል። በአንዱ ኮርስ ሰዓቱ በሙሉ ጽሑፍ በማንበብና የምርጫ ጥያቄ በመመለስ ሊያልቅ ይችላል፤ በሴልታና በሰርት ቴሶል ግን ቢያንስ 6 ሰዓት በአሠልጣኝ እየታዩ እውነተኛ ተማሪዎችን ማስተማር ግዴታ ነው። ምርጫው በዚህ መለካት አለበት ብዬ አምናለሁ፦ ሰርተፊኬቱን የሚሰጣችሁ አካል ስታስተምሩ አይቷችኋል ወይ?

6 ሰዓት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ክፍሉን ቀረብ ብለን ስናየው ግን ብዙ ነው። ሠልጣኟ «አይ ዩዝድ ቱ ስሞክ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፋ ታብራራና «ገባችሁ?» ትላለች። ተማሪዎቹ «አዎ» ይላሉ። ከኋላ የተቀመጠው አሠልጣኝ ይህን ይጽፋል፤ ያልገባውም ተማሪ «አዎ» እንደሚል ያውቃልና። ከትምህርቱ በኋላ በሚደረገው ውይይት ሌላ መንገድ ያሳያታል፦ ሰውዬው አሁን ያጨሳል? ድሮስ? አንድ ቀን ብቻ ነው ወይስ ልማዱ ነበር? በሦስት አጫጭር ጥያቄ ማን እንደገባው ማን እንዳልገባው ይለያል። ሠልጣኟም በሚቀጥለው ተራዋ ትሞክረዋለች። ጥያቄዎቹን ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል፤ እሷ ራሷ የት ላይ እንደሳተች የሚነግራት ግን ክፍሏ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ሠልጣኞች ልምድ ያላቸውን መምህራን ክፍል ገብተው ይከታተላሉ፤ የማዕከሉንም ሥራ ከውጭ የሚመጣ ገምጋሚ ይመረምረዋል። ትሪኒቲ ደግሞ ሠልጣኞቹን የማያውቁትን ቋንቋ ለጥቂት ሰዓታት ከዜሮ ያስጀምራቸዋል፤ የጀማሪን ተማሪ ጭንቀት በራሳቸው እንዲቀምሱት የታሰበበት አሠራር ነው።

ከሁለቱ ውጭ ያለ ኮርስ ሁሉ አይረባም ማለቴ አይደለም። በዚሁ መለኪያ መርምሩት። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ ስንት ሰዓት አስተምራለሁ? የማስተምረው እውነተኛ ተማሪዎችን ነው ወይስ አብረውኝ የሚሠለጥኑትን? የሚገመግመኝ ሰው ዴልታ የተባለውን ከሴልታ ከፍ ያለ የካምብሪጅ ዲፕሎማ ወይም በዘርፉ ማስተርስ አለው? ውጤቴን ከማዕከሉ ውጭ የሚያረጋግጠው ማን ነው? «ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው» የሚለው ማስታወቂያ ለእነዚህ መልስ አይሆንም፤ የቴፍል ኮርሶችን በሙሉ የሚቆጣጠር አንድ ዓለም አቀፍ አካል የለም። ኮርሱ በእንግሊዝ ተመዝግቧል ከተባላችሁ ኦፍኳል የተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ለሕዝብ ክፍት ስላደረገ ገብታችሁ ፈልጉት።

ዋጋው አይቀመስም የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሴልታ ከኢንተርኔት ኮርሶች ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ የሙሉ ቀኑ ሥልጠና ደግሞ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሌላ ሥራ አያሠራም። ለዓመታት በትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ክፍሉ በኃላፊዎች ሲገመገም የኖረ ሰው ቀጣሪው ወረቀት ብቻ ከጠየቀው ርካሹን ቢወስድ አልፈርድበትም። ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ግን ርካሹን ወስዶ ቢቀጠር እንኳ መጀመሪያ በሚገባበት ክፍል ይቸገራል፤ ተማሪዎቹም አብረውት ይጎዳሉ። ለእሱ የሚሻለው በወራት ተከፋፍሎ የሚሰጠውን የትርፍ ጊዜ ሥልጠና መርጦ ሥራውን ሳይለቅ መማር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ስላልሆነ ሰርተፊኬት ምን ይሠራልኛል?» የሚል ነው። ሕጉ በሚከለክልባቸው አገሮች በእርግጥ አይሠራም፤ ፓስፖርትን ያስቀደምነውም ለዚህ ነው። ሴልታ ራሱ ግን የሚጠይቀው የቋንቋ ችሎታን እንጂ የትውልድ አገርን አይደለም፤ በአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከፍ ያለ ሲ1 ወይም ሲ2 ደረጃ ያለው አመልካች በቃለ መጠይቅ ተፈትኖ ይገባል። በሩ ክፍት በሆነበት አገር አመልካች የቀጣሪን ጥርጣሬ ለመመለስ «ስታስተምር አይተናታል» ከሚል ምስክርነት የጠነከረ ነገር ሊያቀርብ አይችልም።

ከ2020 ወዲህ ሴልታን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት መውሰድ ይቻላል፤ ማስተማሩም በዚያው ነው። ፊት ለፊት ያስተማረ ሰው የሚፈልጉ ቀጣሪዎች ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በብዙ አገሮች በመደበኛ ትምህርት ቤት ለማስተማር የመምህርነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከእነዚህ ሰርተፊኬቶች አንዱም እሱን አይተካም። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምታመለክቱ ደግሞ ዲግሪያችሁን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በአገሩ ኤምባሲ የማረጋገጡን ሥራ ከሥልጠናው ጎን ለጎን ጀምሩት። በምዝገባ ቅጹም ላይ ስማችሁን እስከ አያት፣ ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ በላቲን ፊደል እንደሰፈረው ሙሉት፤ የአንድ ፊደል ልዩነት ቪዛ ላይ ሊያጉላላ ይችላል።