የትናንሽ እንስሳት ፔት ስካነር የኮምፒውተር ሲሙሌሽን፦ ከሞዴሉ ውጭ የሚቀረው

መግቢያ

ፔት ስካነር ለእንስሳው የተሰጠ ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት በአካሉ ውስጥ የት እንደደረሰ ያሳያል። የስካነሩን ንድፍ በቅድሚያ በኮምፒውተር ለመፈተሽ በሰፊው ከሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው ጌት ነው። ጌት በጂያንት4 ላይ የተመሠረተ ሲሆን የእያንዳንዱን ፎቶን ጉዞ በሞንቴ ካርሎ ዘዴ ይከታተላል። ይህ ጽሑፍ የሲሙሌሽን ውጤት ከልኬት የሚርቅበትን አንድ ዐቢይ ምክንያት ይመረምራል።

አሳሳቹ ትንሽነት

ባለ 511 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ፎቶኖች 25 ሚሊ ሜትር ውኃን ሲያቋርጡ 79 በመቶ ያህሉ ሳይነኩ ያልፋሉ፤ በ300 ሚሊ ሜትር ውኃ ውስጥ ግን የሚያልፉት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከዚህ በመነሣት የፎቶን መበተን በአይጥ ምስል ላይ ችግር አይፈጥርም ብሎ መደምደም፣ በሞዴሉም ውስጥ እንስሳውንና ክሪስታሎቹን ብቻ ማካተት ይቀናል። ሆኖም አካሉ የሚበትነው ጥቂት በሆነ መጠን፣ አልጋው፣ የእርሳስ መከላከያውና የስካነሩ አካል የሚበትኑት ድርሻ በንጽጽር ይጎላል።

ክሪስታሉም ራሱ የጨረር ምንጭ ሊሆን ይችላል። ከተፈጥሮ ሉተቲየም 2.6 በመቶ ያህሉ ራዲዮአክቲቭ የሆነው ሉተቲየም-176 ሲሆን፣ ባለ 202 እና ባለ 307 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ጋማ ጨረሮችን ያመነጫል። ዝቅተኛው የኃይል ገደብ 250 ከሆነ ባለ 307ቱ ጨረር ይመዘገባል፤ 350 ከሆነ ግን በአብዛኛው ይቀራል።

የማረጋገጫ ሥርዓት

የኔማ ኤንዩ 4-2008 መመሪያ አይጥን የሚተካ፣ 70 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 25 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የፖሊኤቲሊን ፋንተም ይደነግጋል። በዚህ ፋንተም ሲሙሌሽኑና ልኬቱ በአንድ ሳይሆን በተለያዩ የኃይል ገደቦች ሊነጻጸሩ ይገባል። ገደቡ ዝቅ ባለ ቁጥር ልዩነቱ ከሰፋ፣ መንሥኤውን ለመለየት ሁለት ተጨማሪ ልኬቶች ይረዳሉ፦ ያለ ምንም ምንጭ የሚደረገው የክሪስታሉን ጨረር፣ ምንጩን ያለ ፋንተም በቀጭን ቱቦ ይዞ የሚደረገው ደግሞ ከፋንተሙ ውጭ ያለውን ብተና ያሳያል።

ማጠቃለያ

አንድን የስሜታዊነት አኃዝ በማስተካከያ ቁጥር ከልኬት ጋር ማስማማት ሞዴሉን ትክክለኛ አያደርገውም፤ ስሕተቱን ይሸፍናል እንጂ። የተሸፈነው ስሕተት የሚገለጠው ደካማ ምልክት ሲፈለግ፣ ማለትም ጥቂት ምልክት የተደረገባቸው ሴሎች ሲታደኑ ነው። በዚያን ጊዜ የስካነሩ ንድፍም ሆነ የተሠዉት እንስሳት ብዛት በተሳሳተ ስሌት ላይ ተወስኗል።