ጃኖ ባንድና የአገር ዜማ

ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ባገራችን ሲሰማ ሁለት ፍርድ ወዲያው ይሰጠዋል፤ አንዱ ወገን የባዕድ ጩኸት ነው ብሎ ጆሮውን ይደፍናል፤ ሌላው ሥልጣኔ ነው ብሎ ያጨበጭባል። ሁለቱም ሳያደምጡ የፈረዱ ስለ መሰለን የጃኖ ባንድን ሥራ መርምረን ለጓደኞቻችን ማቅረብ ወደድን።

ጃኖ ባንድ በአዲስ አበባ የተቋቋመ ሲሆን ስሙ ባለቀይ ጥለቱን የክብር ልብስ ያስታውሳል። የመጀመሪያው አልበሙ «ኤርታሌ» በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ፕሮዲውሰሩም አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነበር። ከፊት ቆመው የዘፈኑት አራት ናቸው፤ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» በ2018 እ.ኤ.አ. ተከተለ።

ለመሆኑ ይህን ሮክ ኢትዮጵያዊ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ልብሱ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቁም ነገሩ ያለው በቅኝቱ ላይ ነው። የሮክ ጊታርም እንደ ትዝታችን በአምስት ድምፅ መጫወት ስለሚወድ ሁለቱ ቶሎ ይግባባሉ፤ መግባባታቸው ግን ያታልላል። አንቺ ሆዬን የመሰለው፣ ድምፆቹ ባንድ በኩል ተጠጋግተው በሌላ በኩል የሚራራቁት ቅኝት፣ የሮክን የለመደ ጣት በቀላሉ አያገኘውም። የባንድ ፈተናው እዚህ ላይ ይመስለናል።

በፊንላንድ በ1990 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አሞርፊስ ከዚህም በከረረው፣ ከጉሮሮ በሚያጉረመርመው ሜታል ውስጥ ያገሩን ጥንታዊ ግጥም አስገባ። የ1994ቱ አልበሙ የተቀዳው ካሌቫላ ከተባለው መጽሐፍ ነው። ይህንም ኤልያስ ሎንሮት የተባለ ሐኪም ከገጠር ገጠር እየዞረ ከባላገር አፍ ለቅሞ በ1835 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ጊታር ሲያነሡ ምንጩ ተጽፎ ጠበቃቸው።

በእኛስ? በጋይንት ለቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤተ ልሔም አለች፤ ድጓ የተማረ ሁሉ የሚመሰከርባት ናት። ምልክቱ ተጽፏል፤ መምህሩ ስሕተቱን ያርማል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ቀረርቶና ፉከራ ግን እንዲህ ያለ ምስክር ቤት የለም። ሜታል የሚሻው የቁጣ ድምፅ ደግሞ ያለው በፉከራው ውስጥ ነው፤ ያውም ማጉያ ሳይፈልግ!

በመጪው ክረምት ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ የምንሄድ ብዙዎች ነን፤ መቅጃውም በየኪሳችን አለ።