እናቲቱን ስለ መልቀቅ

ወደ አዳማ ገበያ ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ የሚራባው በአፍ ነው፤ እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ወደዚያው ይሸሻሉ። አንዲት እናት በመራቢያዋ ወቅት ስትያዝ የሚጠፋው አንድ ሕይወት ብቻ አይደለም። የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ፣ ይልቁንም እንዲለቃት ኦሪት ታዝዛለች (ዘዳ. 22፥6-7)። ቃሉ ስለ ወፍ ቢሆንም ምክንያቱ ለዓሣም ይሠራል።

«ትንሹንና እናቲቱን ወደ ውኃ ብንመልስ አይበቃምን?» የሚል ይኖራል። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ በእርጥብ እጅ ፈጥኖ ቢለቀቅ ሊተርፍ ይችላል። በመረብ ታንቆ ያደረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይገኛል። ስለዚህ ርኅራኄው መረቡ ከመጣሉ በፊት፣ ከዓይኑ ስፋት መጀመር አለበት። ለመዝናኛ ብቻ እየያዙ መልቀቅም እንስሳትን በከንቱ ማሠቃየትን ከሚከለክለው ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2418) አንጻር ሊመረመር ይገባዋል።

አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ሀብትን አጠባበቅ ደንግጓል። ነገር ግን ሰፊ ዓይን ያለው መረብ የጣለ አጥማጅ ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ ሲመለስ፣ በጠባቡ ያጠመደው ጎረቤቱ ጀልባውን ቢሞላ፣ ሸክሙን ለዚያ ሰው ብቻ መተው ፍትሕ አይደለም። በጾም ወራት መዳፍ የማይሞላ ዓሣ እየመረጥን በርካሽ የምንገዛ እኛም በጠባቡ መረብ እጃችን አለበት።