ቋጥኝ መውጣትና ጀማሪው ተማሪ

ሰልጣኝ ጓደኞቼ፣ አብዛኞቻችን ስንመረቅ የምንመደበው ገጠር ነው። እዚያ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ኳስ ላይኖር ይችላል፤ ቋጥኝ ግን በብዙ ቦታ አይጠፋም። ልጆቹ እንደሆነ እኛ አስተማርናቸውም አላስተማርናቸውም ይወጡበታል። ከብት ሲጠብቁ የሚውሉት እላዩ ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሲወድቁ ከሥር የሚቆምላቸው ሰው መኖሩ ነው።

ይህ ስፖርት ለጀማሪ በሚገባ ተደራጅቶ ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ በፈረንሳይ አገር፣ ከፓሪስ በስተደቡብ የሚገኘው የፎንቴንብሎ ደን ነው። በደኑ ውስጥ የአሸዋ ድንጋይ ቋጥኞች በየቦታው ተበትነው ይገኛሉ። ለጀማሪ የሚመረጡት ዝቅተኞቹ ስለሆኑ ያለ ገመድ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 ፍሬድ በርኒክ የተባለ ሰው ቋጥኞቹን በቀለም ምልክት አያይዞ የመጀመሪያውን ዙር አወጣ። ዛሬ በደኑ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ዙሮች አሉ። ነጩ ለልጆች፣ ቢጫው ለጀማሪ ነው፤ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ እያለ ጥቁሩ ላይ ይደርሳል። አንድ ክበብ አዳዲስ አባላቱን ይዞ ሲመጣ የቢጫውን ቁጥር 1 ፈልጎ ይጀምርና ቀስቱን እየተከተለ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ይሄዳል። በፔዳጎጂ ክፍል «ከቀላል ወደ ከባድ» እያልን የምንሸመድደው ነገር ድንጋይ ላይ ተጽፎ ማለት ነው እንግዲህ!

እኛም ለክበባችን የአንድ ቀን ጉዞ ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። ቀለም አያስፈልገንም፤ የሰሌዳ ጠመኔ ይበቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ያጥበዋል። (ወጪዎች እጃቸውን የሚቀቡት ነጭ ዱቄት ሌላ ነው፤ እሱ ማግኒዥየም ካርቦኔት ይባላል። የሰሌዳውን እጃችሁ ላይ አትፍጩ።)

በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ትምህርት መውረድ መሆን አለበት። አንድ ልጅ ሲወጣ መጨበጫውን በዓይኑ ያየዋል። ሲወርድ ግን መርገጫውን የሚፈልገው በእግሩ እየዳበሰ ነው፤ የሚርበተበተውም ያኔ ነው። ስለዚህ ቋጥኙን አስቀድማችሁ ዞራችሁ እዩት። ከኋላው በቀላሉ የሚወረድበት ከሌለው ለጀማሪ አይሆንም፣ ተዉት። ከዚያ ሁሉም ሰው አንድ ሜትር ብቻ ወጥቶ፣ በወጣበት ተመልሶ ይውረድ። ቀጥሎ ከዝቅተኛ ቦታ መዝለልን ይለማመድ፤ በሁለት እግር ማረፍ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ እጅን ወደ ኋላ አለመዘርጋት። ወደ ኋላ የተዘረጋ እጅ አንጓው ላይ ይሰበራል።

ሁለተኛው ትምህርት መጠበቅ ነው። ጠባቂው ከወጪው ኋላ፣ አንድ እግሩን ወደፊት አድርጎ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ሁለት እጁን አንስቶ ይቆማል። አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ያስጠጋ፣ አለበለዚያ ይቆለመማል። ዓይኑ ከወጪው ዳሌ አይነቀል። የጠባቂው ሥራ የሚወድቀውን ሰው እንደ ሕፃን መቅለብ አይደለም፤ ማን ይችለዋል? ወገቡን ወይም ከብብቱ ሥር ደግፎ በእግሩ እንዲያርፍ፣ ጭንቅላቱና ጀርባው መሬት እንዳይመታ ማድረግ ነው። ከጂምናስቲክ ክፍሉ ፍራሽ ብናገኝ ከሥር እናነጥፋለን። ሁለት ፍራሽ ከሆነ ግን መሐሉ ክፍተት እንዳይኖረው ገጥሙት፤ ቁርጭምጭሚት የሚገባው እዚያ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው ሰው የጠፍሩን ገመድ ይዞ ገደሉን ሲወጣ፣ ወገቡ ላይ በታሰረው ሌላ ገመድ ከላይ ሆኖ የሚይዝለት አለ። እንግዳው ጉልበቱ ቢከዳው ያ ሰው አለለት።

በጉዞው ቀን በሦስት በሦስት ብንከፈል ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሁለቱ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ቀለበትና ሰዓት ይወልቅ። የጫማ ሶል ይጠረግ፤ አሸዋ ያለበት ጫማ ያንሸራትታል። ጀማሪ ሁሉ በክንዱ መንጠልጠል ይወዳል፣ ወዲያው ክንዱ ይዝላል። ክንዱን ዘርግቶ፣ ክብደቱን እግሩ ላይ ጥሎ እንዲነሳ ንገሩት። ደግሞ ከሥር ተሰብስቦ «በርታ! በርታ!» ማለት ምን ይጠቅመዋል? «ቀኝ እግርህን ከፍ አድርግ፣ ከጉልበትህ ጎን መርገጫ አለ» የሚለው ነው የሚያስተምረው። መሐል ላይ «በቃኝ» ያለን ሰው ደግሞ ማንም እንዳይስቅበት። የሳቃችሁበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በቃኝ ማለት ያፍርና ካቅሙ በላይ ወጥቶ ይወድቃል።

ዋዜማውን ዝናብ ከጣለ ጉዞው ለሌላ ቅዳሜ ይተላለፍ። የአሸዋ ድንጋይ ከላይ ደርቆ ቢታይም ውስጡ እርጥብ ከሆነ ይላላል፣ መጨበጫው ከእጅ ጋር ተገምሶ ይመጣል።