ቦትዎ «ሰርዙ»ን ከ«እንዳትሰርዙ» ይለያል? ዲንሾ ላይ ቦት ከማሠራትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ዲንሾ ላይ አስጎብኚ፣ ፈረስ አከራይ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ከሆኑ ቴሌግራምዎ ላይ የሚመጣውን ያውቁታል። «ዋጋ ስንት ነው?»፣ «ነገ ሳነቴ መውጣት ይቻላል?»፣ «ቀኑን ቀይሩልን»። እርስዎ በዚያ ሰዓት እንግዳ ይዘው ዌብ ሸለቆ ገብተዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጠያቂው ከየትም አገር ሊሆን ይችላል። ቦት ይመልስልኝ ቢሉ አይፈረድብዎትም።

እንደ ኤን8ኤን እና ኖድ-ሬድ ባሉት መሣሪያዎች ብዙ ኮድ ሳይጻፍ፣ ሳጥን ከሳጥን በመስመር እያገናኙ ቦት ማሠራት ይቻላል። ኮምፒውተር የሚነካካ የሮቤ ልጅ አያቅተውም። ጣጣው ያለው ከገባው መልእክት የትኛው ትእዛዝ፣ የትኛው ወሬ እንደሆነ የምትለየው አንዲት ሳጥን ላይ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ስለ እሷ ይጠይቁ።

ደንበኛዎ እንዴት ብሎ ነው የሚጽፈው?

ቴሌግራም ትእዛዝ ብሎ የሚያውቀው በ/ ምልክት ጀምሮ በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በስር ሰረዝ የተጻፈውን፣ ከ32 ሆሄ ያልበለጠውን ብቻ ነው። «/ዋጋ» ብለው ቢጽፉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ከቦቱ የትእዛዝ ዝርዝርም አይገባም። ስለዚህ የአማርኛውን መለየት የእርስዎ ሥራ ነው።

ለዚህ ደግሞ ስልክዎ ውስጥ ያሉት የድሮ መልእክቶች ይበቃሉ። አውጥተው ይዩዋቸው። አንዱ «ዋጋ» ይላል፣ ሌላው ያንኑ በላቲን ይጽፈዋል፣ ሦስተኛው በአፋን ኦሮሞ «ጋቲ» ብሎ የመጨረሻዋን አናባቢ አንዴ አስረዝሞ አንዴ ሳያስረዝም ይልካል። «ሰዓት»፣ «ሰአት» እና «ሠዓት» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ሦስት ናቸው። ከመለያዋ ሳጥን በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን፣ ዓንና ኣን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የምትመልስ፣ የላቲኑን ትልቅ ፊደል ወደ ትንሽ የምትቀይር፣ ሥርዓተ ነጥቡንም የምታራግፍ አንዲት ሳጥን ትግባ። ይህቺን ሳጥን ያላስገባ ባለሙያ አማርኛ በሚጽፍ ደንበኛ ሞክሮት አያውቅም ማለት ነው።

«እኩል ነው» ወይስ «ይዟል»?

መለያዋ ሳጥን ስትከፈት ይህን ትጠይቃለች፤ መልሱ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። «እኩል ነው» ካሉ «ዋጋ ስንት ነው?» ያለውን ሰው ታልፈዋለች። በግሩፕ ውስጥ ደግሞ ቴሌግራም ከትእዛዙ ኋላ የቦቱን ስም ሊቀጥል ስለሚችል እኩልነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ይዟል» ወደሚለው ይሄዳል።

አሁን ይህን ይመልከቱ። ደንበኛ «ሰርዙ» ያለበት መልእክት ሲልክ ቀጠሮው እንዲሰረዝ አድርገዋል እንበል። ከአዲስ አበባ የተነሳ ቤተሰብ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይዞ፣ መሸብን ብሎ «መንገድ ላይ ነን፣ ክፍላችንን እንዳትሰርዙብን» ብሎ ይጽፋል። «እንዳትሰርዙብን» ውስጥ «ሰርዙ» አለች። ቦቱ ክፍሉን ይሰርዛል፣ «በጥያቄዎ መሠረት ተሰርዟል» ብሎም በትሕትና ይመልሳል። ሰዎቹ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዲንሾ ብርድ፣ ማታ ሲደርሱ አልጋቸው ለሌላ ተሰጥቷል። አማርኛ «አት»ንም «እንዳት»ንም ከግሡ ፊት ለጥፎ ስለሚጽፍ «ይዟል» ይህን ሊለይ አይችልም።

ባለሙያዎ «ቃሉ ለብቻው ሲቆም ብቻ እንዲያዝ የቃል ወሰን ምልክት አስገባለሁ» ሊልዎ ይችላል። ኤን8ኤን የሚሠራበት ጃቫስክሪፕት ግን በዚያ ምልክት ፊደል ብሎ የሚያውቀው ላቲኑን ብቻ ነው፤ በግዕዝ ፊደል በተጻፈ ቃል ዙሪያ ወሰን አያገኝም። የዩኒኮድ ፊደላትን የሚያውቅ መለያ ይጠቀምልዎ።

እንደ እኔ እንደ እኔ «ይዟል» ለዋጋ፣ ለመንገድና ለአየር ሁኔታ ጥያቄ ብቻ ይፈቀድለት። ቢሳሳት ዋጋ ያልጠየቀ ሰው ዋጋ ይደርሰዋል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። መሰረዝና ቀን መቀየር በተጻፈ ቃል መፈጸም የለባቸውም።

ለእነሱስ?

ቁልፍ። ደንበኛው «ሰርዝ» የሚለውን ቁልፍ ይጫን፣ «እርግጠኛ ነዎት?» ይባል፣ ደግሞ ይጫን። ከቁልፉ ጀርባ የሚቀመጠው መረጃ ከ64 ባይት አይበልጥም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 21 ፊደል ላይ ይሞላል። ፊት ለፊቱ አማርኛ፣ ጀርባው አጭር የላቲን ኮድ ይሁን። ቀኑንም ከቁልፍ ያስመርጡ፦ «5/1» ለአገር ልጅ መስከረም 5 ነው፣ ለብዙው የውጭ እንግዳ ጃንዋሪ 5። «2 ሰዓት»ም እንዲሁ ያጣላል።

ቦቱን ማን ያዘዋል?

ዋጋ የሚቀይረው ትእዛዝ የሚሠራው ለእርስዎ የቴሌግራም መለያ ቁጥር ብቻ ይሁን። የተጠቃሚ ስም ይቀየራል፣ ቁጥሩ አይቀየርም። «ከፍያለሁ» ተብሎ ከደረሰኝ ፎቶ ጋር የሚላክ ጽሑፍ ደግሞ የሚመጣው ከተራው ጽሑፍ ተለይቶ በፎቶው መግለጫ ነው፤ ተራውን ጽሑፍ ብቻ የምታይ ሳጥን ባዶ ታገኛለች። ብታገኘውም ክፍያን ቦት አያረጋግጥ፣ ቴሌብርዎን ራስዎ ይክፈቱ።

መብራት ሲጠፋስ?

ቴሌግራም ቦቱ ያልተቀበለውን መልእክት ቢበዛ ለ24 ሰዓት ያቆያል። መብራቱ ሲመለስ የትናንቱ ሁሉ በአንዴ ስለሚጎርፍ ቦቱ የመልእክቱን ሰዓት አይቶ የቆየውን ለሰው ያስተላልፍ። የኤን8ኤን የቴሌግራም መነሻ ሳጥን ከኢንተርኔት የሚደረስበት፣ ደኅንነቱ የተጠበቀ አድራሻ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ኪራይ ነው። የኖድ-ሬድ የቴሌግራም ተጨማሪ ግን መልእክቱን ራሱ ሄዶ ማምጣት ስለሚችል ከቢሮ ኮምፒውተር ይሠራል። ለሙከራ ሁለተኛ ቦት ይክፈቱ፤ በኤን8ኤን ሥራ ላይ ባለው ቦት ሲሞክሩ ዋናው መቀበል ያቆማል።

በቀን ጥቂት መልእክት ብቻ የሚደርስዎ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ይተዉት። የዋጋ ዝርዝሩንና የስልክ ቁጥርዎን ቻናልዎ ላይ ፒን ያድርጉ፤ ለጊዜው ይበቃዎታል።